«ባትሪው ብቻ ነው» የሚባለው መኪና ገዢውን ስንት ያስወጣዋል?

በአሮጌ መኪና ገበያ እንደ «ባትሪው ብቻ ነው» ደጋግሞ የሚነገር አባባል የለም። ሻጭ ቁልፉን ያዞራል፤ መኪናው አንዴ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ሻጭ «ሳምንቱን ሙሉ ቆሞ ስለ ሰነበተ ነው» ይላል። ደላላው በበኩሉ «ባትሪው ብቻ ነው ጌታዬ፣ ሞተሩ ግን ዘይት አይነካም» ሲል ያጸናል። ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ይገፋሉ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሁሉም ፈገግ ይላል፤ ቀብድ ይከፈላል። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ገዢው አዲስ ባትሪ ገዝቶ፣ መኪናው ግን አሁንም በግፊት የሚነሳ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ነገር ቀድሞ የኪስ ገንዘብ ጉዳይ ነበር። ዛሬ እንዲያ አይደለም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ የተጣለውን ታክስ እጅግ ከፍ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ የብር ዋጋ ወረደ፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም ተከትሎ ወጣ። በዚህ ሁሉ መካከል ቀድሞ አገር ውስጥ የገባው ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ላዳና ቮልስ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መቀጠሉ የግድ ሆነ። ዕድሜው ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፈ መኪና እንደ ማጓጓዣ ብቻ ሳይሆን እንደ ተቀማጭ ገንዘብ የሚገዛበት ገበያ ተፈጥሯል። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ስለ ሞተር ማስነሻውና ስለ ኤሌክትሪኩ ጥቂት ማወቁ ከሊብሬ ማጣራት ያልተናነሰ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ሁለት ዓይነት «አልነሳም» መኖሩን መለየት ነው። አንደኛው ሞተሩ ጭራሽ የማይዞርበት ነው። ሁለተኛው ሞተሩ በደንብ እየዞረ እሳት የማይይዝበት ነው። በአንደኛው ጊዜ ተጠርጣሪዎቹ ባትሪ፣ ገመድ፣ የቁልፍ ማብሪያና ሞተሪኖ ናቸው። በሁለተኛው ጊዜ እነዚህ ሁሉ ነጻ ወጥተው ጥርጣሬው ወደ እሳቱ (ካንዴላ፣ ኮይል፣ ዲስትሪቢዩተር) እና ወደ ነዳጁ ይዞራል። በሚገርም ሁኔታ ሞተሩ እየዞረ ለማይነሳ መኪና ሞተሪኖ የሚቀይር ባለቤት አይጠፋም። ሞተሪኖው ሥራውን እየሠራ በዓይኑ እያየው ነው የሚቀይረው።

ሞተሩ የማይዞር ከሆነ ምንም መሣሪያ ሳይያዝ የሚደረግ ምርመራ አለ፤ የፊት መብራት ነው። መብራቱ በርቶ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ እያየ ሌላው ቁልፍ ያዞራል። መብራቱ ድርግም ብሎ ከጠፋ የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል ወይም ዝጓል፤ አለዚያም ባትሪው ባዶ ነው። መብራቱ በጣም ደብዝዞ ሞተሩ እያቃሰተ ከዞረ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም ሞተሪኖው ተይዞ ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ እየጎተተ ነው። መብራቱ እንደ ነበረው ደምቆ፣ ከሞተሩ በኩል ምንም ድምፅ ካልተሰማ ግን ባትሪውን መውቀስ ቀርቷል። ትእዛዙ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም ማለት ነው። «ባትሪው ብቻ ነው» የሚለው ወሬ በዚህች በአንድ ደቂቃ ፈተና ነው የሚወድቀው።

ትእዛዙ የማይደርስበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ቪትዝ ከሆነ የማርሹን ዘንግ ከፒ ወደ ኤን አዛውሮ መሞከር ይገባል፤ በኤን ከተነሳ ጥፋቱ መኪናው ማርሽ ውስጥ ሳለ እንዳይነሳ የሚከለክለው ማብሪያ ነው። በኋላ የተገጠመ አላርም ያለበት መኪና ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። አላርም የሚገጥሙ ሰዎች የሞተሪኖውን ቀጭን ገመድ ቆርጠው በመሐሉ የራሳቸውን ሪሌ ያስገባሉ፤ ገመዱን በእጅ ጠምዝዘው በፕላስተር ይጠቀልሉታል። ከዓመታት በኋላ መዳቡ ይዝግና ባለቤቱ የቁልፍ ማብሪያ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሲዞር ይውላል።

ድምፁም ይናገራል። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ የሚፈጥን ድምፅ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ማሰሪያ ምልክት ነው። ሞተሪኖው «ዚር» ብሎ ለብቻው ሲሽከረከር ሞተሩ ካልዞረ ቤንዲክሱ አይዝም፤ ወይም የቮላኖው ጥርስ ተበልቷል። ሁለተኛው ከሆነ ማርሹን ማውረድ ስለሚጠይቅ ወጪው ትልቅ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ያለ «ጠቅ» ተሰምቶ፣ መብራቱ ሳይደበዝዝ ሁሉም ነገር ጸጥ ካለ ግን ገዢ ጆሮውን ማቆም አለበት፤ በዋጋ ድርድር ብዙ የሚያተርፈው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ምልክት በቶዮታ መኪኖች ላይ በሰፊው የታወቀ ነው። በሞተሪኖው ራስ ውስጥ ሁለት ትናንሽ የመዳብ ቁራጮች አሉ። ቁልፍ ሲዞር በመሐል ያለው ዘንግ ወደነሱ ተስቦ ያገናኛቸውና የባትሪው ሙሉ ኃይል ወደ ሞተሪኖው ይገባል። በተገናኙ ቁጥር ጥቂት ብልጭታ ስላለ ከዓመታት በኋላ መዳቡ፣ በተለይ አንደኛው ወገን፣ ተበልቶ ያልቃል። መጀመሪያ መኪናው ከአምስት አንዴ እንቢ ይላል፤ ቆይቶ ከሦስት አንዴ፤ በመጨረሻ ቁልፉ አሥር ጊዜ ካልዞረ አይሆንም። ሞተሪኖው ራሱ ግን ጤነኛ ነው። መዳቦቹን ብቻ መቀየር ሙሉ ሞተሪኖ ከመግዛት ጋር በዋጋ የሚወዳደር አይደለም። ይህን የሚያውቅ ገዢ ሻጩ «ሞተሪኖ ያስፈልገዋል» ብሎ የሚቀንስለትን ዋጋ ተቀብሎ፣ መዳብ አስቀይሮ፣ ልዩነቱን ኪሱ ይከታል። ይህን የማያውቅ ሻጭ ደግሞ በጥቂት ገንዘብ ሊያስጠግነው የሚችለውን መኪና በብዙ ሺህ ብር ያረክሳል።

ሌላም አለ። ሞተሪኖው ዝም ሲል በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ ሲመታ ከተነሳ በውስጡ ያለው ካርቦን አልቋል ማለት ነው። ይህም የሚቀየር ዕቃ ነው። ጥርጣሬ ሊያጭር የሚገባው ሻጩ ያችን መዶሻ ከወንበሩ ሥር ሲያወጣ ዝግጁ ሆኖ መገኘቱ ነው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቴስተር የሚሉት የቮልት መለኪያ መያዝ ለደላላም ለገዢም ከባድ ወጪ አይደለም። ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። መኪናው ገና ከመንዳት የመጣ ከሆነ ንባቡ ከእውነተኛው ከፍ ስለሚል የፊት መብራቱን አንድ ደቂቃ አብርቶ አጥፍቶ መለካት ይሻላል። ዋናው ፈተና ግን ቁልፍ በሚዞርበት ጊዜ ያለው ነው፤ ሞተሩ እየዞረ ንባቡ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ወይም አርጅቷል ወይም አልተሞላም። ሞልቶም ከወረደ ዕድሜው አብቅቷል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ስድስቱም ክፍሎች በአሲድ መለኪያ ተራ በተራ ይታያሉ፤ ከስድስቱ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ያ ባትሪ በሙሊት አይድንም። ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። አሲድ እየጨመሩ «ነፍስ ዘርተንበታል» የሚሉ አሉ፤ ባትሪውን ይበልጥ ይገድሉታል እንጂ አያድኑትም።

አሁን ወደ ገመዱ። በአሮጌ መኪና ላይ ገዢንም መካኒክንም የሚያሳስተው ይህ ነው። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል እኮ፣ ታዲያ ገመዱ ምን ሆነ?» ይባላል። መልሱ በሒሳብ ይገኛል። ሁለት የፊት መብራት በድምሩ የሚወስደው 10 አምፔር ያህል ነው። የአንድ ትንሽ መኪና ሞተሪኖ ግን ከ100 እስከ 200 አምፔር ይጎትታል። ገመዱ ወይም ማሰሪያው ዝጎ አንድ መቶኛ ኦም የሚሆን ተቃውሞ ቢፈጥር መብራቱ የሚያጣው አንድ አሥረኛ ቮልት ብቻ ነው፤ ዓይን አያየውም። በዚያው ገመድ 150 አምፔር ሲያልፍ ግን 1.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው በራሱ ሸክም 11 ቮልት ላይ ሲወርድ ሞተሪኖው የሚደርሰው 9.5 ነው። ሞተሩ ያቃስታል፤ ባትሪው ይወቀሳል፤ አዲስ ባትሪ ይገዛል። አዲሱ ባትሪ ጠንከር ስለሚል ለጥቂት ሳምንት ይሸከመዋል፤ ከዚያ ነገሩ ይመለሳል።

በተለይ የሚረሳው ማሳ የሚባለው፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደው ገመድ ነው። ሰው ፖዘቲቩን ያጸዳል፣ ያጠብቃል፤ ኔጌቲቩን ያልፈዋል። ኤሌክትሪክ ግን የሄደውን ያህል መመለስ አለበት። ለመመርመር የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ቁልፍ ማዞር ነው። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ታሟል። ቴስተር የሌለው ሰው ወፍራም የባትሪ ማበደሪያ ገመድ ወስዶ ከኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ቢያገናኝና መኪናው ዘሎ ቢነሳ፣ የሚያስፈልገው አንድ ገመድ ብቻ መሆኑን አወቀ ማለት ነው። ማሰሪያውን በሙቅ ውሃና በሶዳ አጥቦ፣ በሽቦ ቡሩሽ ፈግፍጎ ማጥበቅ ደግሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ማሳ የሚጎዳበት አንድ የገበያ ምክንያት አለ፤ ቀለም። ለሽያጭ የተዘጋጀ አሮጌ መኪና ላሜራው ተስተካክሎ አዲስ ቀለም ሲቀባ ማሳ የሚታሰርባቸው ነጥቦችም አብረው ይቀባሉ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እንግዲህ በውበቱ ዓይን የሚማርከው መኪና ፍሬቻ ሲበራ የዳሽቦርድ መብራት አብሮ የሚንቀጠቀጥበት፣ ፍሬን ሲረገጥ ሌላ መብራት የሚደበዝዝበት ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ የተዘበራረቀ ምልክት ሲታይ መኪናው «አስማት» የያዘው የሚመስላቸው አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን ፍቆ ብሎን ማጥበቅ ይበቃዋል።

ባትሪው ጥሩ፣ ገመዱ ጥሩ ሆኖ መኪናው ጠዋት ጠዋት የማይነሳ ከሆነ የሚቀረው ወይ ዲናሞው አይሞላም፣ ወይ ሌሊት የሚያፈስስ ነገር አለ። ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ቴስተሩ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። 12.5 ላይ ከቆመ ዲናሞው እየሞላ አይደለም፤ መጀመሪያ ቺንጋው መላላቱ፣ ቀጥሎ ካርቦኑ ይታያል። ከ15 በላይ ከሄደ ደግሞ ሬጉሌተሩ ሥራ አቁሟል፤ ባትሪው ይፈላል፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይሸታል፣ አምፖሎች በየሳምንቱ ይቃጠላሉ። አምፖል ቶሎ ቶሎ የሚቃጠልበት መኪና «ዕድለ ቢስ» አይደለም።

በአንዳንድ ጋራዦች ዲናሞ የሚፈተነው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ በመንቀል ነው። በጥንቱ ጀነሬተር ዘመን ይህ ብዙም አይጎዳም ነበር። በአልተርኔተር ላይ ግን ቮልቱ በድንገት ዘሎ ዳዮዶቹን ሊያቃጥል፣ ቪትዝን በመሰለ መኪና ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ይችላል። መካኒኩ ገመዱን ለመንቀል እጁን ሲዘረጋ «ጋሼ፣ በቴስተር ይለካልኝ» ማለት አያሳፍርም።

የሌሊቱን ፍሳሽ በተመለከተ፣ ሁሉ ነገር ጠፍቶ የቆመ መኪና እስከ 0.05 አምፔር ቢወስድ ጤነኛ ነው። የኮፈኑ ወይም የዕቃ መጫኛው 5 ዋት አምፖል ሳይጠፋ ቢያድር ግን 0.4 አምፔር ያህል ይወስዳል። በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 20 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የትንሽ መኪና ባትሪ 45 አምፔር ሰዓት ቢሆን ግማሹ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ቅዳሜ የቆመው መኪና ሰኞ የማይነሳው በዚህ ነው። ፍሳሹን ለማግኘት የኔጌቲቩ ገመድ ይነቀልና ቴስተሩ በአምፔር መለኪያ በመሐል ይገባል፤ ከዚያ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ንባቡ የወረደበት ፊውዝ የሌባውን ሰፈር ያሳያል። ፊውዝ ሁሉ ተነቅሎ ካልወረደ የዲናሞው ዳዮድ ይጠረጠራል። ቴስተሩ በመሐል እያለ ቁልፍ ማዞር ግን የተከለከለ ነው፤ የራሱ ፊውዝ ይቃጠላል።

ላዳና ቮልስ ላይ የተሰማራው ነጋዴ ሥራው ትንሽ ለየት ይላል። ላዳ ከፋብሪካው ማኖቬላ ይዞ የሚመጣ መኪና ነበር፤ ማኖቬላው ዛሬም ካለ ጥሩ ምስክር ነው። በማኖቬላ በአንድ ዙር የሚነሳ፣ በቁልፍ ግን የማይነሳ ላዳ እሳቱም ነዳጁም ደህና ነው፤ ችግሩ ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ ባለው መንገድ ላይ ነው። ሞተሩ እየዞረ ካልነሳ ደግሞ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ይከፈታል። ፑንቲናው በሚከፈትበት ጊዜ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ፊቱ ተቃጥሎ ከተቆፈረ ኮንደንሰሩም አብሮ ይጠረጠራል። በክረምት ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ገብቶ መኪናው ሲያስቸግር በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻ የሚያስነሳበት ጊዜ አለ። ቮልስን በተመለከተ እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት በአብዛኛው 6 ቮልት መሆናቸውን መርሳት አይገባም። በ6 ቮልት ለአንድ ዓይነት ጉልበት እጥፍ አምፔር ስለሚያስፈልግ፣ ለ12 ቮልት የሚበቃ ገመድ ለእነዚህ ቀጭን ነው። መኪናው ወደ 12 ተቀይሯል ከተባለ አምፖሉም፣ ኮይሉም፣ የዋይፐሩ ሞተርም አብሮ መቀየሩ በዓይን ይታይ።

ገዢው መቼ ይሂድ የሚለውም ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። ቀጠሮ የተሰጠው ከሰዓት በኋላ ከሆነና ደርሶ የሞተሩን ኮፈን ሲነካ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። ብልኅ ገዢ ማለዳ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ባትሪውን ያደክማል፣ ዘይቱንም ያወፍራል። ከዚያ ጊዜ የተሻለ ፈታኝ የለም። ነገር ግን የቀዝቃዛው ሞተር መነሳት ብቻ አይበቃም። ሃያ ደቂቃ ተነድቶ፣ ጠፍቶ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና መነሳት አለበት። ኮይልና ሞተሪኖ ሲሞቁ ብቻ የሚያምፁበት መኪና ጥቂት አይደለም፤ ሻጭ ደግሞ አንዴ አስነስቶ ማሳየት እንጂ ሁለተኛውን አይወድም። ተዳፋት ላይ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ የቆመ መኪናም ጥያቄ ያስነሳል።

ቁልፉ ሞተሩ ሳይነሳ ወደ ማብሪያው ሲዞር የባትሪው ቀይ መብራትና፣ ካለው፣ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት። ጭራሽ ካልበሩ አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ወይም አንድ ሰው ሆን ብሎ አውልቆታል። የኮምፒውተር ምርመራ ተደርጎለታል የሚል ወረቀትም ከማሳ ገመድና ካለቀ መዳብ አያድንም፤ ኮምፒውተሩ እነዚህን አያያቸውም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን መንገድ አስቀምጧል። ገዢ ግን ዕቃውን ቶሎ መመርመርና ጉድለቱን ቶሎ ማስታወቅ ይጠበቅበታል፤ በውሉ ጊዜ እያወቀ ለተቀበለው ጉድለት መከራከሩ ያስቸግረዋል። «ባትሪው ብቻ ነው» የሚለውን ቃል ሰምቶ፣ መኪናው ሲገፋ አይቶ የፈረመ ሰው በኋላ ምን ብሎ እንደሚከራከር ማሰብ ነው። ስለዚህ ብዙ የበሰሉ ደላሎች ባትሪው ደክሟል በተባለበት መኪና ላይ ከሌላ መኪና የሚሠራ ባትሪ አስመጥተው፣ አስገጥመው፣ በቁልፍ ሲነሳ ሳያዩ ቀብድ አያስይዙም። የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ነው።

የዋጋው መሰላል በግምት እንዲህ ነው፤ ማሰሪያ ማጽዳት ከምንም አይቆጠርም፤ የማሳ ገመድ፣ መዳብና ካርቦን ቀላል ነው፤ ባትሪ መካከለኛ፤ ሞተሪኖና ዲናሞ ከበድ ይላሉ። ከሁሉም በላይ ግን የሚያስፈራው የፊውዝ ሳጥኑ ተከፍቶ በፊውዝ ቦታ የሲጋራ ወረቀት ወይም የመዳብ ሽቦ ሲገኝ ነው። ያ ማለት አንድ ቦታ ገመድ ተነካክቶ ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል ባለቤቱ ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ጠባቂውን አስወገደ ማለት ነው። ከእንግዲህ የሚቃጠለው ገመዱ ራሱ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ መኪናው። በዳሽቦርዱ ሥር የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ ካለ፣ ገመዱም ቀለሙ በማይመሳሰል ሽቦ ተቀጣጥሎ ከታየ፣ ሙሉ የገመድ ሥራ የሚጠይቀውን ሁለት ሳምንትና ገንዘብ ከዋጋው የሚቀንስ ሻጭ በገበያው እምብዛም አይገኝም። እንዲህ ያለውን መኪና ብዙዎቹ ነጋዴዎች በራፉ ላይ ትተውት ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።